ሉሑን ከማጠባችን በፊት



ውድ አንባብያን፣ እኛ በልጅነታችን ቁርኣን የቀራነው በሉሕ ነው። ሉሕ ከተላገ እንጨት የሚሠራ የጽሕፈት ሰሌዳ መሆኑን በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ቀለሙ ከጥላሸት የተበጠበጠ፣ ብዕሩ ከመቃ የተቀረጸ ነበር። ሸይኻችን የዕለቱን ክፍል ይጽፉልናል፤ እኛም ከማለዳ እስከ ረፋድ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንቀራዋለን። በቃላችን ስንይዘው ፊታቸው ቀርበን እናሰማለን። ካለፍን ሉሑ ይታጠባል፤ እጣቢውም እግር በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይደፋል፤ ከዚያም አዲስ ክፍል ይጻፍበታል። ካላለፍን ግን ሉሑን ውኃ አያስነኩትም።

አንድ ቀን ለጨዋታ ቸኩለን ሳናሰማ አጠብነው። ሸይኻችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አልተቆጡም። «በል እንግዲህ ያጠብከውን ቅራልን» ብቻ አሉ። እንጨቱ ነጽቶ፣ ደረታችን ባዶ ሆኖ ቆምን። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይሰማናል።

ይኸው ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሰሌዳው ከእንጨት ወደ ኮምፒዩተር ዲስክ ተለውጦ ዳግም ይደርስብናል ብለን ግን አላሰብንም ነበር።

የአንድ ተማሪ ጥያቄ

በሙያችን የሒሳብ መምህር ነን። ቀን ደቡብ ወሎ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት እናስተምራለን፤ ከዐስር ሰላት በኋላ ደግሞ በሠፈራችን መድረሳ ሕፃናትን እናስቀራለን። በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሁለት ተማሪዎች ፈተና ሲኮራረጁ ያዝንና ለክፍሉ ረዘም ያለ ምክር ሰጠን። የሌላውን ሰው ድካም ያለ ፈቃዱ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳን። ምክሩ እያለቀ ሳለ ከኋላ መቀመጫ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ የተገዛ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኛም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን መሸሸጊያ ነበር። ልጁ በተንኮል አልጠየቀም። ወንድሙ ኮምፒዩተር ቤት ስለሚሠራ ነገሩን ያውቀዋል። ላፕቶፓችንን ያገለገለ ሆኖ ስንገዛ ባለ ሱቁ ጥቂት ብር ተቀብሎ ዊንዶውስ 10ን ከነጽሕፈት ፕሮግራሞቹ ጭኖልናል። ፈቃዱን ማን ገዛው ብለን አልጠየቅንም። በከተማችን ሁሉም እንዲህ ስለሚያደርግ ጥያቄው ለራሱ እንግዳ ነበር።

ሌላም ምክንያት ነበረን። ተማሪዎች በሚያመጡት ፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስ ፎልደሮቻችንን እየደበቀ በምትካቸው ባዶ ምልክት ይተው ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተከታዩን ዊንዶውስ 11ን ለመጫን ደግሞ ላፕቶፓችን የዕድሜው ነገር አልፈቀደለትም። ይህን ያጫወትነው የኮምፒዩተር መምህር ባልደረባችን «ለምን ሊኑክስ አትጭንበትም?» አለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ማንኛውም ኮምፒዩተር ሲበራ በቅድሚያ የሚነሣ፣ በመጻፊያው፣ በስክሪኑ፣ በዲስኩና በሌሎች ፕሮግራሞች መካከል ሥራ የሚያከፋፍል ዋና ፕሮግራም አለው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው እርሱ ነው። ዊንዶውስ አንዱ ነው፤ ሊኑክስ ሌላው ነው።

የሊኑክስ ታሪክ ሁለት ጅማሮ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ፣ ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊያጠናው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። ሥራውንም ግኑ ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ይህን ነፃነት በሕግ የሚጠብቅ የፈቃድ ጽሑፍ አወጣ። ሁለተኛው ጅማሮ በፊንላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ የዚህን ዓይነት ሥርዓት እምብርት እየጻፈ መሆኑን ለሌሎች ገለጸ። በ1992 ሥራውን በዚያው በስቶልማን ፈቃድ ሥር አዋለው፤ የሁለቱ ሥራም ተጋጠመ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ እጆች ተረባርበውበታል። ደቢያን እ.ኤ.አ. በ1993፣ ኡቡንቱ በ2004፣ ሊኑክስ ሚንት በ2006 የተጀመሩ የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው። የኡቡንቱ መሥራች ማርክ ሻትልወርዝ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ ስሙም ከዚያው ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኡቡንቱ ላይ ተመሥርቶ ለሙስሊሞች የተዘጋጀ ዓይነትም ወጥቶ ነበር፤ በኋላም ሰቢሊ ተባለ። የሰላት ወቅት የሚያሳውቅና ቁርኣን የሚያጠኑበት ፕሮግራም አብረውት ይመጡ ነበር። ሥራው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢቆምም፣ ፕሮግራሞቹ ክፍት ስለነበሩ የአዘጋጆቹ ድካም ለሚፈልገው ሁሉ ተርፏል።

ሊኑክስ ለብዙዎቻችን እንግዳ ይምሰል እንጂ በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን፤ የአንድሮይድ ስልክ እምብርት ሊኑክስ ነውና። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮም በዓለም ቀዳሚ ተብለው የሚመዘገቡት 500 ኃያላን ኮምፒዩተሮች በሙሉ በእርሱ የሚሠሩ ሆነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በአማርኛችን «ነፃ» እና «በነፃ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ሊኑክስን ብዙ ጊዜ በነፃ እናገኘዋለን፤ ትልቁ ቁም ነገር ግን ነፃ መሆኑ ነው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ አይደበቅም። የቻለ ያነብበዋል፤ ስህተት ያገኘ ያርመዋል። የስቶልማን ፈቃድ የሚያስቀምጠው ግዴታም አለ፤ አሻሽሎ ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው እርሱ ያገኘውን ነፃነት ከተቀባዩ ሊነጥቅ አይችልም።

ይህን ስናነብ በወሎ የኪታብ ቤቶች የነበረው ልማድ ትዝ አለን። ደረሳው ከሸይኹ ኪታብ እየገለበጠ የራሱን ቅጂ ያዘጋጃል። ሸይኹ ኪታባቸውን አይደብቁም። ማብራሪያ ያለው በኅዳጉ ይጽፋል። ያ ደረሳ ሌላ ሀገር ሄዶ ሲያስቀራም ሌላው ከእርሱ ይገለብጣል። አንዱ ቅጂ በእሳት ቢጠፋ ኪታቡ አይጠፋም፤ በብዙ እጅ አለና።

የመጀመሪያው ምሽት

የመረጥነው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይበቃዋል፤ 4 ጊጋባይት ራም ካለ ደግሞ ይመረጣል ይላሉ አዘጋጆቹ። የእኛው ላፕቶፕ 4 አለው። የሌሊት ጥቅል ገዝተን ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋውን ፋይል አወረድን።

የመጀመሪያው ስህተታችን የሚያስቅ ነው። ፋይሉን እንደ ማንኛውም ሰነድ ኮፒ አድርገን ፍላሹ ላይ አስቀመጥንና ላፕቶፑን አጥፍተን አበራነው። እንደ ወትሮው ዊንዶውስ ተነሣ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስት ጊዜ ዊንዶውስ ተነሣ። በማግስቱ ባልደረባችን እየሳቀ አስረዳን። ፋይሉን ፍላሹ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፤ እንደ ሩፈስ ወይም ኤቸር ባለ ፕሮግራም «መጻፍ» ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከፍላሹ እንዲነሣ ማዘዝ ያስፈልጋል። የማዘዣው ቁልፍ እንደ ኮምፒዩተሩ ስሪት ይለያያል፤ በእኛው ላይ ኤፍ 12 ሆነ።

ምሽት፣ ከዒሻ ሰላት በኋላ፣ ልጆቹ ከተኙ ወዲያ እንደገና ሞከርን። በጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ምልክት ብቅ ሲል ባለቤታችንን ጠራናት። ሥርዓቱ ገና ሳይጫን ከፍላሹ ተነሥቶ ይሠራል፤ እንደ ልብስ ለክቶ ማየት ነው። ዋይፋዩ ያዘ፤ ድምፁም ወጣ። ደስ አለን፤ ደስታችንም አቻኮለን።

መጫኛውን ከፈትነው። ቋንቋ ጠየቀ፤ የመጻፊያ ዓይነት ጠየቀ። ከዚያ ከምርጫዎቹ አንዱ «ዲስኩን ደምስሶ መጫን» የሚል መጣ። ከሥሩም ፕሮግራሞች፣ ሰነዶች፣ ፎቶዎችና ሌሎች ፋይሎች ሁሉ እንደሚጠፉ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበረው። አነበብነው። እንግሊዝኛው አልከበደንም። የከበደን ማስጠንቀቂያው እኛን የሚመለከት መሆኑን ማመን ነበር።

ለምን? ኮምፒዩተር ቤት ፎርማት ያስደረገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ባለሙያው «ሲ» የተባለውን ክፍል ደምስሶ «ዲ» የተባለውን ሳይነካ ይተወዋል። ስለዚህ ለዓመታት «ዲ ላይ ያለ ነገር አይጠፋም» ብለን ስናምን ኖረናል። በሲ ላይ የነበረውን ሰነድ ሁሉ በሌላ ፍላሽ ገልብጠናል። ዲን ግን አልነካነውም። ሲና ዲ ሁለት ዲስክ አልነበሩም፤ በአንድ ዲስክ ላይ የተሰመሩ ሁለት መደቦች እንጂ። እኛ ደግሞ ዲስኩን ሁሉ ደምስስ ብለን አዘዝን።

የላፕቶፑ ባትሪ ከአሥር ደቂቃ በላይ ስለማይቆይ ጭንቀታችን ሁሉ መብራት እንዳይጠፋ ነበር። መብራቱ አልጠፋም። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሁሉም ተጠናቀቀ። አዲሱ ስክሪን ጥርት ብሎ ተከፈተ። ዲን ፈለግን፤ የለም። ዲስኩ በሙሉ ባዶ ነው አለን። በዲ ላይ የነበረው የአራት ዓመት የማስተማሪያ ማስታወሻ፣ የልጆቻችን ፎቶና ከሁሉም በላይ የሦስት ክፍል ተማሪዎች የመንፈቀ ዓመት ማርክ ነበር።

ባለቤታችን ፊታችንን አይታ ነገሩ ገባት። እርሷም በሉሕ የቀራች ናት። «ሳታሰማ አጠብከው?» አለች።

አንድ ሌሊት

በማግስቱ ባልደረባችን ፎቶሬክ የሚባል፣ እርሱም በነፃ የሚገኝ የጠፋ ፋይል መፈለጊያ ፕሮግራም አመጣልን። ፋይል ሲደመሰስ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ማውጫው ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በዲስኩ ላይ ይቆያል። ስለዚህ የጠፋብን ነገር እንዳለ ካወቅንበት ደቂቃ ጀምሮ በዲስኩ ላይ አንዳች መጻፍ አልነበረብንም። እኛ ግን እየደነገጥን ግማሹን ሌሊት ስንከፍትና ስንጭንበት አድረናል። ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ ስማቸው ጠፍቶ፣ በቁጥር ተሰይመው ተመለሱ። የማርክ መዝገቡ አልተመለሰም።

አንድ ወዳጃችን ነገሩን ሲሰማ «ምን ያስጨንቅሃል? ተማሪዎችህን ታውቃቸዋለህ፤ ገምተህ ሙላው። ማን ያውቃል?» አለን። ውድ አንባብያን፣ አንዋሻችሁም፤ ያን ሌሊት ሐሳቡ አጓጉቶን ነበር። ጎበዙን እናውቃለን፤ ሰነፉንም እናውቃለን። ግምታችን ከእውነቱ ብዙ ላይርቅ ይችላል። ግን ማርኩ የእኛ ንብረት አልነበረም፤ አማና ነበር። ሲኮራረጁ የያዝናቸው ልጆች ያደረጉት እኮ ያላገኙትን ቁጥር በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። እኛስ ልናደርግ ያሰብነው ከዚህ በምን ይለያል?

ጧት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብተን እውነቱን ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና «ወረቀቶቹን ለተማሪዎቹ መልሰህላቸዋል?» አሉን። አዎን፣ ሁለቱን ፈተናዎችና አንዱን የቤት ሥራ አርመን መልሰናል። የማጠቃለያው ፈተና ገና ነበር። «እንግዲያው መዝገብህ በእነርሱ እጅ ነው» አሉን።

ሦስቱ ክፍሎች 58፣ 61 እና 55፣ በድምሩ 174 ተማሪዎች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ሦስት ወረቀት ስንል 522 ወረቀት ይሆናል። በየክፍሉ ቆመን ያጠፋነውን ተናገርን፤ ወረቀታቸውን እንዲያመጡልንም ለመንን። ያ ኋለኛው ልጅ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። በአምስት ቀን ውስጥ 511 ወረቀት ተሰበሰበ። የተጣጠፈ ነበረበት፣ የደብተር መሸፈኛ የሆነ ነበረበት፣ ዘይት የነካው ነበረበት። ለጎደሉት 11 አዲስ ፈተና አዘጋጅተን ባለቤቶቹን ፈተንን።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዛ መጣችና ቆም አለች። «ቲቸር፣ ደምረው ይዩት። 19 ብለውኛል፤ 17 ነው። ያኔ ለመናገር ፈርቼ ነበር» አለች። ደመርነው፤ 17 ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ወረቀት እንደገና ደመርን። አራት ስህተት አገኘን። ሁለቱ ተማሪውን የጠቀሙ፣ ሁለቱ የጎዱ ነበሩ። በላፕቶፓችን ተዘግቶ የነበረው መዝገብ ባይጠፋ ኖሮ እኒያ ሁለት ልጆች ማርካቸውን እንደተነፈጉ ይቀሩ ነበር፤ ለዚያውም በሒሳብ መምህር እጅ!

ምንጩ ክፍት መሆን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከታሪኩ ይልቅ በዚህ ገባን። አንድ ሰው ብቻውን የያዘው ነገር ከነስህተቱ ይቀመጣል፤ ሲጠፋም ከነአካቴው ይጠፋል። በብዙ እጅ ያለ ነገር ግን ይታረማል፤ ቢጠፋም ይመለሳል።

ለጀማሪ የምንመክረው

ላፕቶፓችን አሁን በሊኑክስ ሚንት ይሠራል። ከበፊቱ ፈጥኗል፤ የፍላሹ ቫይረስም አልተመለሰም። ሁሉም ነገር ቀላል ነበር ግን አንልም። የት/ቤቱን ማተሚያ ለማግባባት ሁለት ቀን ፈጅቶብናል። መሞከር ለሚፈልጉ ወንድሞችና እህቶች የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ. የሚፈልጉትን ሰነድ ሁሉ ከኮምፒዩተሩ ውጭ፣ ቢቻል በሁለት ቦታ ይገልብጡ። ሲም ዲም ሳይሉ ሁሉንም። የገለበጡትንም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍተው ይዩ፤ ካልከፈቱት «አላሰሙም» ማለት ነው።

2ኛ. ከመጫንዎ በፊት ከፍላሹ አስነሥተው ይሞክሩ። ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ መሥራታቸውን ያረጋግጡ። ያወረዱት ፋይል አለመጉደሉንም አዘጋጆቹ ከፋይሉ ጋር በሚያወጡት የመለያ ቁጥር ማረጋገጥ ይቻላል።

3ኛ. ሥራዎ የሚጠይቀውን ፕሮግራም አስቀድመው ይወቁ። ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም የወርድና የኤክሴል ሰነዶችን ይከፍታል፤ አንዳንዴ ግን የገጹ አቀማመጥ ይዛባል። በየቢሮው የሚሠራበት ፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ሰው ይህን ሳያስብ ዊንዶውስን ሊያጠፋ አይገባም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚጭን ምርጫም አለ።

4ኛ. አማርኛ ለመጻፍ ኢባስ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ የግዕዝ ፊደል አጻጻፍ ዘዴ ይገኛል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ የዓለም ፊደላት መዝገብ ስለገባ በአንዱ ኮምፒዩተር የጻፍነው በሌላው ይነበባል።

5ኛ. የባትሪዎን ነገር ያስቡ፤ መብራት በሚያስተማምንበት ሰዓት ይጀምሩ። በሌላ ሰው ወይም በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ያለ ፈቃድ አይሞክሩ።

ሸይኻችን ሉሑን ያለ ሥጋት የሚያሳጥቡን ለምን እንደነበር ዛሬ በደንብ ገብቶናል። በሉሑ ላይ የነበረው አስቀድሞ በልጁ ደረት፣ በእርሳቸውም ደረት፣ አብረውት በሚቀሩትም ደረት ተቀምጧል። ውኃው የሚወስደው ቀለሙን ብቻ ነው።

መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ያ ጠያቂ ተማሪ ፍላሹን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ቤት ያለው ኮምፒዩተር ላይ እኔም ልጫን?» አለን። ፍላሹን ከመቀበላችን በፊት አንድ ነገር ጠየቅነው፤ «ቤታችሁ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ምን አለ? ሌላስ የት አለ?»

አላስታወሰም። «ሂድና አይተህ ና» አልነው። ከሦስት ቀን በኋላ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፎ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ አብረን ጀመርን።